ቀለም ያልነካው ክር

ሎነርጋን ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ሴፕቴምበር 30፣ 2018

ለልጄ ለዊኒ፣

እንደምን ከርመሻል? ቅድስት ሐና በዚያ ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ነፋሱን ታብርድልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ አትደውይልኝ፤ ባለፈው ስትደውይ የሰማሁት ንብ እንጂ አንቺን አይደለም። ጻፊልኝ። ዓይኔ ገና አልከዳኝም።

ጄሮም ሞተ። የወንድሜ የአምብሮዝ ልጅ፣ ያ በልጅነቱ የቄሱን ጀልባ ፈትቶ ባሕር ላይ የለቀቀው። ወደቡ ላይ ከልጄ ከዶሪን ጋር ገመድ ያስሩ ነበር። «ዶሪን፣ አንቺ እስክትቋጥሪ ጢሜ ይሸብታል» አላትና ገመዱን እንደያዘ ወደቀ። እሱ መቼም ቀልድ አይጠፋውም፤ ዶሪንም «ተነስ አንተ ቧልተኛ» ብላ ጫማውን በእግሯ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ነካ ማድረግ አንድ ቃል አትናገርም። እኔም አላነሳባትም።

አባቱም እንዲሁ ነበር የሞተው። ወንድሜ ሊዮም እንዲሁ። አመመኝ ሳይሉ፣ ወንበር ሳይፈልጉ፣ እንደቆሙ። ሰፈሩ «የሎነርጋን ልብ» ይለዋል፤ ታውቂዋለሽ።

አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሞች መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሁላችንንም ደም ቀዱ፤ ለካሳው ጨው የሌለው የእንቁላል ሳንድዊች ሰጡን። ዘንድሮ በጸደይ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። የጄሮም «በቤተሰቡ ያለው የልብ ችግር በእርስዎ ላይ አልተገኘም» ይላል። ደስ ብሎት ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። የዶሪንም ቃል በቃል ያው ነው። የእኔም። ዶሪን በዚያ ተማምና በሚመጣው ኤፕሪል በሲረል ጀልባ ላይ በጄሮም ቦታ ሸርጣን ልታጠምድ ተስማምታለች። ከባሕሩ መሐል እስከ ሐኪም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንቺም አልረሳሽውም።

አንቺ እኮ በዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የደም ነገር በኮምፒውተር የምትሠሪ ነሽ ይላሉ። እስቲ ንገሪኝ፤ የተሳሳተው ደብዳቤው ነው ወይስ ጄሮም?

የእናትሽ የአክስት ልጅ፣
አክስትሽ ፊሎሜና


ፎርት አልደን፣ ማኒቶባ
ኦክቶበር 21፣ 2018

ለተከበሩ አክስቴ ለፊሎሜና፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የጄሮምን ነፍስ ከአባቱ ጋር ያኑርልን። ጄሮምን የማውቀው ልጅ ሆኖ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ እንደሚሞት ነበር የማስበው።

ስለ ሥራዬ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ የመጣሁት ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ልተይብ ነበር። የቀረውን ሰዎች ከጣሏቸው መጻሕፍትና ከሰው ትከሻ በላይ አሻግሬ እያየሁ ለቃቀምኩት። ክፍላችን የባዮኢንፎርማቲክስ ድጋፍ ይባላል፤ በደም ውስጥ የተጻፈውን በኮምፒውተር ማንበብ ማለት ነው። ሦስት ነን። አለቃችን ኢርማ ክላሰን፣ ማሽኖቹን የሚጠብቀው ዳት፣ እና እኔ። ምርምሩ የሌሎች ነው፤ እኛ ደጋፊ ነን። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተን እንቀመጣለን፤ ተመራማሪዎቹም የቆመ ሰዓት ይዞ ወደ ሰዓት ጠጋኝ እንደሚመጣ ሰው ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ የስንዴ፣ አንዱ የላም፣ አንዱ የሰው።

ከሰው ደም የሚነበበው ጽሑፍ የሚደርሰን ተቆራርጦ ነው። ቁርጥራጩን በአንድ ትልቅ ካርታ ላይ እየደረደርን ቦታ ቦታውን እናሲዛለን። ካርታው ግን ባለፉት ዓመታት እየታረመ ደጋግሞ ወጥቷል፤ በታረመ ቁጥር፣ እንደ መንደር የቤት ቁጥር፣ የየቦታው አድራሻ ይቀየራል። ስለዚህ ኢርማ ማንም ሰው ገና ወንበር ሳይስብ «በየትኛው ካርታ?» ትላለች። ዳት እንዲያውም መቃብሯ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው ይላታል። ሌላም ልማድ አለን። ስህተት የሠራ ሰው ፓይ ጋግሮ ያመጣና ቆሞ ስህተቱን ይናገራል፤ እናጨበጭብለታለን፤ እንበላለን። ዳት መጋገር ስለማይችል ከሱቅ ገዝቶ ሳህን ቀይሮ ያመጣል፤ ሁላችንም እናውቅበታለን።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ስም ወደ እኛ አይደርስም፤ የሚደርሰን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቢደርሰኝም የዘመድን ነገር ማየት አይፈቀድልኝም። የሆስፒታሉን ሐኪም ቢጠይቁ የተሻለ ነው። ለዶሪን ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ፣
ዊኒ


ሎነርጋን ኮቭ
ኖቬምበር 18፣ 2018

ዊኒ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ከተቆጣሁሽ በኋላም እንደዚያው።

ደብዳቤሽን ሳነበው የግብር መሥሪያ ቤት የጻፈልኝ መሰለኝ። «የሆስፒታሉን ሐኪም ቢጠይቁ»! አንቺን ማን አሳደገሽና? እናትሽ ሲሲሊ በአርባ አንድ ዓመቷ ስፌቷ ላይ እንደተደፋች ስትቀር ሾርባ ያመጣልሽ ሐኪም ነበር?

ደግሞ ጠይቄዋለሁ። ያ ጢም ያልጠናለት ዶክተር ከዋናው ከተማ ሲመጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ወይዘሮ፣ አልተገኘም ማለት አልተገኘም ማለት ነው» አለኝ።

«ጄሮምስ?»

«የእሱ ጉዳይ እየተጣራ ነው።»

«የሞተ ሰው ጉዳይ ይጣራል፤ የቆመው አይጣራም?» ብዬ ብጠይቀው ሰዓቱን አየ።

ዶሪን ሁለት ጥንድ ወፍራም የባሕር ቦት ገዛች። ለምን ሁለት ስላት «አንዱን ዓሣ ቢበላው ብዬ ነው» ትላለች። አባቷን ሆና ነው የወጣችው፤ ሲጨንቃት ትቀልዳለች።

መጻፍ ካልተፈቀደልሽ አትጻፊ። ክር ላኪልኝ። የሹራብ ክር ለዘመድ መላክ የሚከለክል መንግሥት የለም። ዶሪን መሄድ የሌለባት ከሆነ ቀይ ላኪ። ብትሄድ ምንም የማይነካት ከሆነ ሰማያዊ ላኪ። ሌላ ቃል አልፈልግም። እመቤታችን እጅሽን ወደ ትክክለኛው ቀለም ትምራው።

አክስትሽ


ሎነርጋን ኮቭ
ዲሴምበር 28፣ 2018

ዊኒ፣

የገና ሰላም ይድረስሽ፤ የአንቺ ለእኔ ባይደርሰኝም።

ክሩ ቀረ። ካርድም ቀረ። በፎርት አልደን የክር ሱቆች በሙሉ ተቃጥለው እንደሆነ ንገሪኝና ለባለቤቶቹ ልጸልይ። የገና ጠዋት ጨው ዓሣና ድንች ሠርቼ አንድ ሳህን በስህተት ለጄሮም አወጣሁ። ዶሪን ሁለቱንም ሳህን በላች፤ ከዚያ ውጭ ወጥታ አስመለሰችው።

አልቀየምኩሽም። ግን ዝም አትበይኝ።

ፊሎሜና


ፎርት አልደን
ጃንዩዋሪ 20፣ 2019

ለውድ አክስቴ ለፊሎሜና፣

አዲሱ ዓመት የምሥራች ይዞ ወደ ቤትዎ ይግባ። በዝምታዬ አዝነውብኛል፤ እውነትዎን ነው። ዝም ያልኩት ቸል ብዬ አልነበረም።

ከዚህ ጋር ክር ልኬልዎታለሁ። ቀይና ሰማያዊ አጣሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ሱቁ ሙሉ ነው። የላክሁት ነጭ ነው፤ ከበጉ ተሸልቶ፣ ታጥቦ የተፈተለ እንጂ ቀለም ያልነካው። እስካሁን ማንም በየትኛውም ቀለም አልነከረውም። ነክረነዋል የሚል ካለም አልነከረውም።

አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ራሴ ተናግሬ ተወስዶብኛል። ዳት በኮምፒውተሩ ላይ ወደዚያ ሥራ መግቢያዬን ዘግቶታል። ሲዘጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ቢጠይቁኝ የማውቀው ነገር የለም፤ የማላውቀውም እውነተኛ አለማወቅ ነው።

ክሩን ከመላኬ በፊት ለኢርማ አሳየኋት። በስተጀርባዋ የማደርገው ነገር እንዲኖር አልፈለግሁም። ፊቷ ላይ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ክር ነው» አለች። «እዚያ ባሕሩ ዳር ይበርዳል። ወፍራሙን ላኪላት።» ስለዚህ ወፍራሙን ነው የላክሁት።

አክባሪዎ፣
ዊኒ


ሎነርጋን ኮቭ
ፌብሩዋሪ 17፣ 2019

ዊኒዬ፣

እንደዚህ ክር ነጭ ሰላም ይስጥሽ።

ጥቅሉን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተመለከትኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀይ ወይ ሰማያዊ ብዬ ስለምናት ይህችኛዋ በግ ላከችልኝ አልኩ። በኋላ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። «ነክረነዋል የሚል ካለም አልነከረውም።» ያን ጊዜ ገባኝ። የፍሪጁ ላይ ደብዳቤ ነክረነዋል ይላል አይደል?

ዶሪንን ጠራኋት።

«ተመልከቺ፣ ዊኒ ክር ላከች።»

«ደስ ይላል። ካልሲ ሥሪልኝ፣ ለጀልባው።»

«ነጭ ነው።»

«እማዬ፣ አያለሁ እኮ።»

«ነጭ ማለት ማንም አያውቅም ማለት ነው። የአንቺንም፣ የእኔንም። ደብዳቤው ባዶ ነው።»

ሳቀችብኝ። «የሰው ልጅ ሁሉ መልሕቅ አለው፤ እኔን እናቴ በክር ወደብ ላይ ታስረኛለች!» ብላ በሩን ደርግማው ወጣች። ኮቷን ረስታ ነው የወጣችው፤ ስለዚህ ሩቅ አልሄደችም። የሄደችው የጄሮም እናት ቤት ነበር። የእሱ ደብዳቤ እስካሁን ፍሪጁ ላይ አለ፤ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? የራሷን ከኪሷ አውጥታ ጎን ለጎን አነበበች አሉ። ከስሙ በቀር ሁሉም አንድ።

ስትመለስ ዓይኗን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሲረል ጋ ደወለች። እሱ እየጮኸ ስለሚያወራ የእኔ ጆሮ እንኳ ሰምቶታል።

«ቦታዬን እስከ ሜይ መጨረሻ አቆይልኝ።»

«ሸርጣን ሜይን አይጠብቅም፣ ዶሪን!»

«እንግዲያው ሸርጣኑን አግባው!» ብላ ዘጋችበት።

እስከ ሜይ ነው ያገኘሁልሽ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ከፍ ያለውን ድርሻ እናንተ ሥሩት።

አክስትሽ ፊሎሜና


ፎርት አልደን
ኤፕሪል 14፣ 2019

ለውድ አክስቴ፣

በዚህ የጾም ወቅት ብርታት ይስጥዎ። ሆስፒታሉ የቀደመው ውጤት የተሳሳተ መሆኑንና እንደገና መነበቡን ለሁላችሁም እንደጻፈ ዛሬ ኢርማ ነገረችኝ። አሁን ልናገር እችላለሁ፤ የማውቀውን ያህል ብቻ።

በዲሴምበር መጀመሪያ አንድ የምርምር ቡድን ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ስም የሌላቸው የአንድ ቤተሰብ ንባቦች ነበሩ፤ የሕያዋኑና፣ ሆስፒታሉ ካስቀመጠው ትንሽ ሥጋ፣ የሙታኑ። የሙታኑ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዳት ሳንድዊቹን እየበላ በትከሻዬ በኩል አየና «ይሄ ይገርማል፤ ሁሉም ንጹሕ ናቸው። የሞቱት እንኳ» አለ። በዚያው ችግር የሞተ ሰው ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ያኔ እኔም መብላቴን ተውኩ።

የተበላሸችው ቦታ የምትፈለግበትን አድራሻ ከፍተን አየን። የአሮጌው ካርታ አድራሻ ነበር። ንባቡ የተደረደረው በአዲሱ ላይ ነው። ይገባዎታል አክስቴ? ሰው የታመመበትን ቤት ለማየት ሄደው፣ የቤቶቹ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ በድሮው ቁጥር የጎረቤት በር አንኳኩ። የጎረቤት ሰው ደህና ነው። «ደህና ናቸው» ብለው ጻፉ። ለጄሮምም፣ ለዶሪንም።

ከዚያ ሙታኑ እነማን እንደሆኑ ለማየት የቤተሰቡን ሐረግ ከፈትኩ። ስም የለበትም። ወንድ አራት ማዕዘን ነው፣ ሴት ክብ፤ የሞተ ሰው ላይ መስመር ይሰመራል። ከአንድ ነጥብ የወጡ ሁለት አራት ማዕዘኖች፣ መንታ ማለት ነው፣ ሁለቱም ላይ መስመር። ከአንደኛው በታች ሌላ አራት ማዕዘን፣ አዲስ መስመር የተሰመረበት። ከመንቶቹ አጠገብ ክብ፤ ከእሷ በታች ብቸኛ ክብ። ከዚያ ራቅ ብሎ በሌላ ቅርንጫፍ፣ መስመር የተሰመረባት ክብ፤ ዕድሜዋ አርባ አንድ። ከሥሯ አንዲት ክብ። ቁጥር የላትም፤ ደም አልሰጠችማ። ከእሷ ወደ ታች የሚወርድ ምንም የለም።

ራሴን በፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ውጭ ሆኜ አይቼ አላውቅም። መንታዎቹ ሊዮና አምብሮዝ ናቸው። ባዶዋ ክብ እኔ ነኝ።

ተነሥቼ ኢርማ ቢሮ ገባሁ። «ሁለት ነገር አለኝ» አልኳት። «አድራሻው በአሮጌው ካርታ ነው። ደግሞ ይህ ቤተሰቤ ነው።» እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። «የማንንም ውጤት በአዲሱ አይተሻል?» አለች። አላየሁም፤ አለማየቴም እንደ ረሃብ ነበር። «እንግዲያው አሁኑኑ አቁሚ» ብላ ዳትን ጠራችው።

የቀረውን የነገሩኝ በኋላ ነው። አሮጌው የአድራሻ ዝርዝር የተሰጠው ከዓመታት በፊት ከእኛው ክፍል፣ በኢርማ እጅ ነበር። በየትኛው ካርታ እንደሆነ አልጻፈችበትም። ሰውን ሁሉ ጠያቂዋ እሷ፣ ያን ዕለት ብቻ ሳትጽፈው ቀረች። በተከታዩ ማክሰኞ በሜዳው ጥቁር ፍሬ የጋገረችውን ፓይ ይዛ መጣች። ቆመችና ተናገረች። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልቆረሰውም። ዳት ብቻ ወደ ማታ አንድ ቁራሽ ቆርጦ ሳህን ላይ አድርጎ አጠገቧ አስቀመጠላት፤ ወንበር ስቦም አብሯት ተቀመጠ።

ንባቡን እንደገና የሠራችው እሷ ናት። ምን እንዳገኘች አላውቅም። እባክዎ እርስዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
ዊኒ


ሎነርጋን ኮቭ
ጁን 23፣ 2019

ለዊኒዬ፣

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም።

ዶሪን አለባት። እኔም አለብኝ፤ ዶክተሩ በእኔ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል አለኝ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ተኝቶ! ሊዮን ሲጥል፣ አምብሮዝን ሲጥል፣ እኔ ውስጥ ያንኮራፋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለሥርዓተ ጸሎት ስንበረከክ ከማን ጋር እንደምንበረከክ አላውቅም።

በሜይ ዋናው ከተማ ወስደው ደረቷ ውስጥ የክብሪት ሣጥን የምታህል፣ ልብ ሲቆም በኤሌክትሪክ መትታ የምታስነሳ መሣሪያ ቀበሩላት። ሲረል ቦታዋን ለሌላ ሰጠ። አኮረፈች፣ ሁለቱንም ቦት ሸጠች፣ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ መሥራት ጀመረች። ባለፈው ሐሙስ ቢላዋዋን እየሳለች ሳለ ዓይኗ ተገለበጠና ወደቀች። የጄሮም እናት እዚያው ነበረች፤ ጮኸች። ከዚያ ያ ሣጥን ረገጣት። እንደ ፈረስ ነው ያለችው። ብድግ ብላ ተቀምጣ የተናገረችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ቄሱ መንገድ ላይ ሆነው ሰምተውታል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ማታ ቤት ስትመጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ጄሮምን የነካሁት እንዲነሳ ብዬ ነበር» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ከሴፕቴምበር ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ጀልባው ላይ ሆና ቢሆን ኖሮ ... ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ለኢርማ ንገሪያት፤ ፓይዋን እኔ እበላው ነበር። ያረመችው ንባብ ለጄሮም አልደረሰም። ለዶሪን ግን ደርሷል። ሁለቱንም ንገሪያት፤ አንዱን ብቻ ከነገርሻት አታምንሽም።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። ክርሽን ጓንት ሠራሁት፤ አንዱን ልኬዋለሁ። ሌላኛውን አልጨረስኩትም። ስለ ሌላው ሰው ሁሉ ጻፍሽልኝ፣ ባዶዋ ክብ ብለሽ አለፍሽ። እናትሽ ስፌቷ ላይ ነው የቀረችው፣ ዊኒ። አንቺም ሃምሳ አለፍሽ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ ሁለተኛውን በየትኛው ቀለም ልሥራው?

አክስትሽ ፊሎሜና


ፎርት አልደን
ኦገስት 11፣ 2019

ለውድ አክስቴ ለፊሎሜና፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ፤ ዶሪንን ግንባሯን ይሳሙልኝ፣ እሺ ካለችዎት።

ጓንቱ ደርሶኛል። ልክ ነው። በኦገስት ሙቀት አንድ እጄን አልብሼ ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ዳት «ሌላኛው እጅሽ ምን አጠፋ?» አለኝ።

ለኢርማ ሁለቱንም ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጄሮም፣ ቀጥሎ ስለ ዶሪን። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ተመራማሪ ሥራውን ይዞ መጣ። ኢርማ «በየትኛው ካርታ?» ብላ ጠየቀችው። ጮክ ብላ አልነበረም፤ እንደ ድሮውም አልነበረም። ግን ጠየቀችው።

እኔ ጁንንና ጁላይን በሙሉ ነገ እያልኩ አሳለፍኩ። የሌሎችን ንባብ ስደረድር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ የራሴ ሲሆን መንገዱን አላውቀውም ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ አልነገርኩም፤ ኢርማ ግን ዓርብ ዕለት የመኪና ቁልፏን ይዛ በቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። እኔ እነዳለሁ» አለች። መኪናው ውስጥ ስለ ጓሮዋ ድንች ብቻ አወራችኝ፤ ለዚያም ይባርካት። ደሜን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደማላውቃቸው እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ነው የሚልኩት። ኢርማ ግን ወረቀቱ ላይ በገዛ እጇ፣ በትልቁ፣ የካርታውን ስም ጻፈችበት።

መልሱ ገና አልመጣም። ስለዚህ ሁለተኛውን ጓንት ነጭ አድርገው ይጨርሱልኝ፤ መልሱ የመጣው ይምጣ፣ ክረምቱን የምለብሰው እሱን ነው።

ሲጨርሱ ነርሷ የእንቁላል ሳንድዊች ሰጠችኝ። እውነትዎን ነው፣ አክስቴ፤ ጨው የለውም።

ዊኒ